ችግር ሳይመጣ ማደራጀት፦ በጅማ ለሚኖር ቤተሰብ የመልካም ኑሮ ዝርዝር መመሪያ

በጅማና በአካባቢዋ ያለው ኑሮ በአብዛኛው በቡና ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ቡናው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይለቀማል፤ ገንዘቡም በዚያው ሰሞን ከገበሬው ወደ ባለሱቁ፣ ወደ ልብስ ሰፊው፣ ወደ ባጃጅ ሹፌሩና ወደ ቀን ሠራተኛው እየተላለፈ ከተማውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። ክረምቱ ሲገባ ግን ገበያው ይቀዘቅዛል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፣ የታመመ ሰው ይበዛል፤ ነሐሴ አልቆ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ወጪ ይጠብቃል። ይህን ዑደት የማያውቅ ሰው እዚህ የለም፤ ሆኖም በየዓመቱ ሳይዘጋጅ የሚደርስበት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ሰኔ ላይ ለብድር የሰው ደጅ የሚጠና፣ ሰው ሲሞትበት ዕድር እንደሌለው የሚያስታውስ፣ ጎረቤቱ ካኮረፈው በኋላ የሽማግሌ ያለህ የሚል።

ይህ መመሪያ የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ በክፉ ቀን የሚያስፈልገን ገንዘብ፣ ጤና፣ ወዳጅና የሰው አመኔታ ሁሉ የሚዘጋጀው በደህናው ቀን፣ ማንም ሊያደርጋቸው በሚችላቸው ጥቃቅን ልማዶች ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ደረጃዎች ቅደም ተከተል አላቸው። ሁሉን በአንድ ሳምንት ልጀምር ያለ ሰው በወሩ ሁሉንም ይተዋል፤ ስለዚህ አንዱን ልማድ ቢያንስ ለአንድ ወር ይያዙና ሲጸና ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

አንደኛ፦ የቤት ደብተር መያዝ

አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ይግዙ። በስልክ መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ባልም ሚስትም፣ ነፍስ ያወቁ ልጆችም ያዩታል፤ ስልክ ግን የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ገጹን በአራት ዓምድ ይክፈሉት፦ ቀን፣ ምክንያት፣ የገባ፣ የወጣ። በየምሽቱ ከእራት በኋላ የዕለቱን ይጻፉ፤ ከ5 ደቂቃ በላይ አይወስድም። የአንድ ማክሰኞ ገጽ ይህን ሊመስል ይችላል፦ ሽንኩርትና ዘይት፣ ከሰል፣ የባጃጅ፣ የስልክ ካርድ፣ የወሩ ዕድር፣ የታመመች ጎረቤትን ለመጠየቅ የተገዛ ብርቱካን፣ ጫት። አንዱንም አይደብቁ፤ የተደበቀው ወጪ ነው ብዙውን ጊዜ ቤቱን የሚጎዳው።

በመጀመሪያው ወር ምንም ነገር ለመለወጥ አይሞክሩ፤ መጻፍ ብቻ። ወጪውን እየጻፉ በዚያው መቀነስ የጀመሩ እንደሆነ ትክክለኛውን የቤትዎን መልክ ሳያዩት ይቀራሉ። ወሩ ሲያልቅ በየዘርፉ ይደምሩት፤ ምግብ፣ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ማኅበራዊ ግዴታ፣ ሱስ፣ ሕክምና። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠው ምኑ እንደሚቀነስ ይወስኑ። ይህ ሲደረግ መወቃቀስ እንዳይኖር አስቀድሞ መስማማት ይገባል፤ ያለፈው ወር ወጪ ስለ መጪው ወር ለመወሰን ብቻ ይታይ።

የደብተሩን የመጨረሻ ገጾች ለሦስት ዝርዝሮች ይተዉ። የመጀመሪያው ከሰው የተበደሩት ነው፤ ሁለተኛው ለሰው ያበደሩት ነው። ሦስተኛው ቃል የገቡት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ በእኔ ግምት ግን ከሦስቱ የሚበልጠው እርሱ ነው። ለአክስት ሕክምና አዋጣለሁ ማለት፣ ለጎረቤት ልጅ ያለፈው ዓመት መጻሕፍትን እሰጣለሁ ማለት፣ ቅዳሜ መጥቼ አጥሩን አብረን እናቆማለን ማለት በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። የተናገረው ሰው በማግስቱ ይረሳዋል፤ የተነገረው ሰው ግን ለዓመት ያስታውሰዋል። በየእሑዱ ይህን ዝርዝር ይዩ፤ የሚፈጸመውን ይፈጽሙ፣ የማይቻለውን ደግሞ ደውለው «አልቻልኩም» ይበሉ። በጊዜ የተነገረ «አልቻልኩም» ዝም ብሎ ከመጥፋት እጅግ የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፦ የአንድ ወቅትን ገንዘብ በ12 ወር መመተር

ይህ ደረጃ ከሁሉም የሚበልጥ ትኩረት ይፈልጋል። የቡና ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጅ ሲገባ ብዙ ይመስላል። አንድ ቤተሰብ የለቃሚና የማጓጓዣ ወጪውን ከፍሎ 144,000 ብር ቢተርፈው በታኅሣሥ ዓይን ሲታይ ትልቅ ሀብት ነው። ከዚህ ላይ 24,000 ብር ያለፈው ክረምት ዕዳ ቢኖርበት የሚቀረው 120,000 ብር ነው፤ ይህም ለ12 ወር ሲካፈል በወር 10,000 ብር ይሆናል። ይህን ስሌት በደብተሩ ላይ በትልቁ የጻፈ ሰው በታኅሣሥ ገበያ ላይ የሚገዛውን ነገር የሚመዝነው በወር 10,000 ብር እንደሚኖር ሰው ነው። ያልጻፈው ግን 144,000 ብር እንዳለው ሰው ይገዛል።

ገንዘቡ እጅ በገባበት ሳምንት፣ ለልብስና ለድግስ ከመውጣቱ በፊት፣ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይነሣ። መጀመሪያ ዕዳ ይከፈል። ቀጥሎ የክረምቱ እህል ይገዛ፤ በቆሎም ሆነ ጤፍ አዝመራው በተሰበሰበበት ሰሞን ዋጋው ረከስ ይላል፤ ክረምት ላይ በኪሎ የሚገዛ ሰው ያንኑ እህል በውድ ያገኘዋል። በቆሎ ከመከተቱ በፊት በደንብ መድረቅ አለበት፤ ፍሬው በጥርስ ሲነከስ የሚለመጥ ከሆነ ገና ነው፣ ጠንክሮ የሚሰበር ከሆነ ደርሷል። ነቀዝ የሚራባው አየር ሲያገኝ ስለሆነ አየር በማያስገባ ባለ ብዙ ሽፋን ከረጢት ውስጥ አጥብቆ ማሰር፣ ከረጢቱንም ከመሬትና ከግድግዳ ከፍ እና ፈቀቅ አድርጎ በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። ሦስተኛው የመስከረም የትምህርት ወጪ ነው፤ ይህ ገንዘብ ቤት ውስጥ ባይቀመጥ ይመረጣል። ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ሰው አሁን በብዙ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት ስለሚያገኝ፣ ገንዘቡን ፍራሽ ሥር የሚያኖርበት ምክንያት የለውም። አራተኛው ለማሳው ለራሱ የሚያስፈልገው ነው።

በዚህ በአራተኛው ላይ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። የቡና ዛፍ በአንድ ዓመት በብዛት ካፈራ በቀጣዩ ዓመት ምርቱ መቀነሱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጥሩ ምርት የተገኘበትን ዓመት እንደ መደበኛ ቆጥሮ ኑሮን በዚያ ልክ ማሳደግ በቀጣዩ ዓመት ያስቸግራል፤ ከጥሩው ዓመት የተወሰነው ለደካማው ዓመት መተላለፍ አለበት። ያረጀ ቡናም ሲጎነደል፣ ማለትም ግንዱ ከመሬት አጠር ተደርጎ ሲቆረጥ፣ እንደገና አቆጥቁጦ ደህና ምርት እስኪሰጥ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈልጋል። ማሳውን በሙሉ በአንድ ጊዜ የጎነደለ ቤተሰብ ባዶ እጁን ይቀራል፤ በየዓመቱ አንድ አራተኛውን የሚጎነድል ግን ገቢው ሳይቋረጥ ማሳውን ያድሳል። ጉንደላን አስቦ መጀመር የሚቻለው ጎተራው ሙሉ በሆነበት ዓመት እንጂ በችግር ዓመት አይደለም።

ደመወዝተኛና የቀን ገቢ ያለው ሰውም ከዚህ ሐሳብ ውጭ አይደለም። የባጃጅ ሹፌር የዕለት ገቢው ሐሙስ በገበያ ቀን ከፍ፣ በክረምት ዝናብ ደግሞ ዝቅ እንደሚል ያውቃል፤ ስለዚህ በየቀኑ ከሚያገኘው የተወሰነ እጅ ሳይዘልል ቢለይ ጎማ ሲፈነዳ አይበደርም። ለእንዲህ ያለው ሰው ዕቁብ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ብቻውን ቢሆን የማያስቀምጠውን ገንዘብ በሰው ፊት ስለሆነ ያስቀምጠዋል። ዕቁብ ሲገቡ ግን ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ መዋጮው በደብተሩ ከታየው ትርፍ በላይ አለመሆኑን፣ ዕጣ የሚወጣለት ሰው ዋስ ሳያቀርብ ገንዘብ የማይወስድ መሆኑን፣ የሰብሳቢውና የጸሐፊው ሥራ በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ መሆኑን። ዕጣው ቀድሞ ቢወጣልዎ ገንዘቡ የእርስዎ ቁጠባ ሳይሆን ገና የሚከፍሉት የሌሎች ገንዘብ መሆኑን አይርሱ።

ሦስተኛ፦ ብድርን፣ ዱቤንና ዋስትናን ሥርዓት ማስያዝ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው አባባል የሚነቅፈው የሌለው ሰው መበደሩን አይደለም፤ ሳይቸግር መበደርን ነው። የሚበላና የሚጠፋ ነገር ለመግዛት መበደር፣ ለሠርግ ድምቀት መበደር፣ ሰው ፊት ላለማነስ መበደር ከዚህ ይቆጠራል። ለዘር፣ ለመሣሪያ ወይም ለሕክምና መበደር ሌላ ነገር ነው።

መበደርም ማበደርም ካለ ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው በፍርድ ቤት ካላመነ ወይም መሐላ ካልተደረገበት በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ገንዘቡ ሲሰጥ ያዩ ሰዎች መኖራቸው ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው ለወንድሙ ወይም ለጓደኛው ወረቀት ማቅረብን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ለዝምድናው ከማሰብ የሚመጣ ጥንቃቄ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው የብድር ጠብ የሚነሣው አንዱ «10,000 ነው» ሌላው «8,000 ነው» ሲል፣ ወይም አንዱ «ለፋሲካ» ሌላው «ለአረፋ» ሲል ነው። በወረቀቱ ላይ የአበዳሪና የተበዳሪ ሙሉ ስም፣ ቀኑ፣ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ የሚመለስበት ቀን፣ በክፍያ ከሆነም የየክፍያው መጠን ይስፈር፤ ሁለቱም ይፈርሙ፣ 2 ምስክሮችም ይፈርሙ። በቴሌብር ወይም በባንክ የተላለፈ ገንዘብ ማስተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን አያሳይም፤ ወረቀቱ ለዚያም ያስፈልጋል። ገንዘቡ ሲመለስ ወረቀቱ ይመለስ ወይም በፊርማ ይሰረዝ።

መክፈያው ቀን ሳይደርስ እንደማይችሉ ካወቁ ቀድመው ሄደው ይናገሩ፤ ሲሄዱም ባዶ እጅዎን አይሂዱ፣ ከዕዳው ጥቂት ይዘው ይሂዱ። ቀኑ ካለፈ በኋላ መንገድ እየቀየሩ ማምለጥ ገንዘቡንም ሰውየውንም ያሳጣል።

ሱቅ ላይ ዱቤ የሚወስዱ ከሆነ ሒሳቡ በሁለት ደብተር ይያዝ፤ አንዱ በባለሱቁ፣ አንዱ በእርስዎ ዘንድ ሆኖ በየሳምንቱ ይመሳከር። ልጅ ልኮ በዱቤ ማስወሰድ ይቅር።

ዋስትናን በተመለከተ ምክሬ ጠንከር ያለ ነው። ከመፈረምዎ በፊት «ሙሉውን እኔ ብከፍል ቤቴ ይቆማል ወይ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ከባለቤትዎ ጋር ይወስኑ። መልሱ «አይቆምም» ከሆነ አይፈርሙ። የሚፈርሙም ከሆነ የዋስትናው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ በግልጽ መስፈሩን ሳያዩ ብዕር አያንሡ።

አራተኛ፦ ለቡና፣ ለእንቅልፍና ለሰውነት ሰዓት መስጠት

አረቢካ ቡና የበቀለው በዚህ በደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ ነው፤ ጅማ ላይ ቡና አትጠጡ ብሎ መምከር ከንቱ ነው፣ ተገቢም አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡና ሰው የሚተያይበት፣ ሐዘንና ደስታ የሚሰማበት ሰዓት ነው። መስተካከል ያለበት ሰዓቱ ነው። ካፌይን በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሦስቱንም የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ሲገባ የካፌይኑ ግማሽ ገና በደሙ ውስጥ ይዞራል። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ስለዚህ የከሰዓቱን ቡና ወደ 8 ወይም 9 ሰዓት ማምጣት፣ ምሽት ላይ ሰው ቤት ከተጠሩም በረካዋን ብቻ መቀበል ብዙ ይረዳል።

ሁለተኛው ነገር ቡናና ምግብ ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን አይረን እንዳይወስድ ያግደዋል። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይህን ይቀንሰዋል፤ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ይህን ይጠብቁ።

ሦስተኛው ከሰሉ ነው፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ቡና ሲቆላና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት፤ ቡናው ሲያልቅም ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። በክረምት ብርድ ምክንያት ፍሙን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልፋል። ጭሱ መጥፋቱና ፍሙ መቅላቱ አደጋው ማለፉን አያሳይም።

ጫት የብዙ ሰው ልማድ በመሆኑ አልፌው መሄድ አልችልም። እንቅልፍን ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ግማሽ ቀንን ይወስዳል። ወጪውን ብቻ ሳይሆን የተቀመጡበትን ሰዓትም በደብተሩ ላይ ይጻፉ፤ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከሳምንቱ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ከዚያ ሁለት ቀን ነፃ እያደረገ፣ በዚያው ሰዓት የሚያደርገውን ሥራ አስቀድሞ እያዘጋጀ ይሂድ።

ለአዋቂ ሰው በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፤ ይህም በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። ወደ ጅሬን የሚወጣው ዳገት ለዚህ የሚመች ነው። የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ስለሚጎዳ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ልኬቱ በተደጋጋሚ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ወባ የሚበረታበት ስለሆነ የአልጋ አጎበር ነሐሴ ላይ ታጥቦ፣ የተቀደደው ተሰፍቶ ይሰቀል፤ በግቢ ውስጥ ያቆረ ውኃም ይፍሰስ።

ከሁሉም ጋር የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮዎን በወቅቱ ያድሱ። ይህ መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ነበር። መዋጮው የሚከፈለው ጤነኛ ሳሉ ነው፤ ከታመሙ በኋላ ለመመዝገብ መሮጥ ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

አምስተኛ፦ ለጎረቤትና ለዕድር መድረስ

ጅማ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ካፋው፣ ጉራጌው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ የሚከራይባት ከተማ ናት። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕድር ይጠይቅ። ሲጠይቅም የመግቢያውን ክፍያ፣ የወሩን መዋጮ፣ ከገቡ በኋላ ለስንት ወር መጠበቅ እንዳለበት፣ ዕድሩ ለማን ለማን ሞት እንደሚደርስ፣ አማትና ወላጅ ሌላ አገር ቢሞቱ ምን እንደሚደረግ ይወቅ። መዋጮውን ልጅ ልኮ ከመክፈል በስብሰባው ቀን በአካል መገኘት ይሻላል። ድንኳን የሚተክለውን፣ ድስት የሚያወጣውን፣ ሌሊት ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድረውን ሰው የሚያውቁት እዚያ ነው፤ እርስዎም የሚታወቁት እዚያ ነው።

የታመመ ሰው ሲጠይቁ ጉብኝቱ አጭር ይሁን፤ ስለ በሽታው ከመመራመር ይልቅ የጎደለውን ይጠይቁ። ውኃ ማን ይቀዳል? ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል? ሌሊት ማን አብሮ ያድራል? ከእነዚህ አንዱን ወስዶ ለሦስት ቀን መሥራት አንድ ካርቶን ጭማቂ ይዞ ከመሄድ ይበልጣል።

ለሌላ እምነት ጎረቤት ስጦታ ሲያስቡ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ማር፣ ስኳር ወይም ቡና ማንንም አያስቸግርም። ድግስ ሲኖር የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ እንዲታረድና እንዲሠራ፣ ማብሰያውም እንዳይቀላቀል ከድግሱ በፊት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ኃላፊ ይደረግ፤ በጾም ወቅት ደግሞ የጾም ምግብ ለብቻው ይዘጋጅ። በረመዳን ቀን ጎረቤትን ቡና ጠጡ ብሎ ከመጥራት ለማፍጠሪያ ቴምር መላክ የተገባ ነው። ከገጠር ቡና ወይም ማር ይዘው ከሚመጡ እናቶች ጋር የሚገበያይ ሰውም በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ መስጠትና ቁጥር መቁጠር ቢማር፣ ሽማግሌ ሲያገኝም «አካም ጅርቱ» ብሎ በአክብሮት ቢጠይቅ ግንኙነቱ ከመሸጥና ከመግዛት ያልፋል።

ስድስተኛ፦ ቅሬታን ትኩሱን ሳይሆን፣ ሳይሻግትም መፍታት

የጎረቤት ጠብ በአብዛኛው የሚነሣው ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከአጥር፣ ከክረምት ጎርፍ መውረጃና ከልጆች። ሦስቱም አስቀድሞ ሊነጋገሩባቸው የሚችሉ ናቸው። ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ቦዩ በማን በኩል እንደሚወርድ ከጎረቤት ጋር ቆሞ መስማማት ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ከመጯጯህ ያድናል።

ቅሬታ ከተነሣ በዚያው ሰዓት አይመልሱ፤ አንድ ሌሊት ይደር። ግን ከሳምንት አያሳልፉት። ወደ ሰውየው ቤት ራስዎ፣ ብቻዎን ይሂዱ። ስለ ጠባዩ ሳይሆን ስለ ድርጊቱ ይናገሩ፤ «አንተ ሁልጊዜ ጉረኛ ነህ» ማለት በር ይዘጋል፤ «ማክሰኞ ዕለት የቆሻሻው ውኃ ወደ በራችን ሲፈስ አየሁ» ማለት ግን መልስ ያስገኛል። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ፤ ያልጠበቁት ምክንያት ሊኖር ይችላል። ጉዳዩ እስኪፈታ ድረስ ቡና ላይ ለሌላ ሰው አያውሩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በሦስተኛው ቤት ሲደርስ እርስዎ ያላሉት ነገር ተጨምሮበት ይገኛል። ሁለት ጊዜ ተነጋግራችሁ ካልሆነ ከየወገኑ የተመረጡ ሽማግሌዎች ይግቡ። የወሰን ነገር ከሆነ ደግሞ ስምምነቱ በሜትር ተለክቶ ይጻፍ።

ጠብ ሳይከር መስማማት የፍርሃት ምልክት አይደለም። ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው የሚገኘው ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ለመገበር ተስማሙ፤ በዚህም ጅማ እሳቸው እስካረፉበት እስከ 1932 ድረስ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ቆየች። ጎረቤት መንግሥታት በጦርነት ሲወድሙ የእርሷ ገበያ አልተበተነም።

ሰባተኛ፦ ሥራን ሰው ሳያይም በአግባቡ መሥራት

ቡና ለቃሚዋ ቀዩን ብቻ ስትለቅም ቅርንጫፉን በአንድ እጇ ዝቅ አድርጋ ይዛ በሌላው አንድ በአንድ እያዞረች ታወርዳለች፤ አረንጓዴው ይቀራል፣ ከቀናት በኋላ ትመለስበታለች። ቅርንጫፉን በአንድ ጊዜ የሚገፍ ሰው ኬሻውን ቶሎ ይሞላል፤ ነገር ግን ያልበሰለው ፍሬ ከበሰለው ጋር ተቀላቅሎ የሙሉውን ቡና ጣዕም ያበላሻል፣ ቡቃያውም ስለሚረግፍ የመጪው ዓመት ምርት ይጎዳል። በማንኛውም ሙያ እንዲህ ያለ ቦታ አለ፤ በርጩማ የሚሠራ ሰው ሥሩን ልጎ ሊጨርስ ወይም ሊተወው ይችላል፣ ልብስ ሰፊም የውስጡን ስፌት እንዲሁ። በራስዎ ሥራ ውስጥ ማንም የማያየውን አንዱን ክፍል ይለዩና ለአንድ ወር እርሱን በጥንቃቄ ይሥሩ። ልጆችም ይህን የሚማሩት አብረው ሲሠሩ ነው፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ልጅዎን ሥራ ቦታ ይዘው ይሂዱ።

ስምንተኛ፦ የሳምንቱ አንድ ሰዓትና የሰነዶች ከረጢት

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ከሰዓት ወይም እሑድ፣ ቤተሰቡ ስልክ አስቀምጦ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ደብተሩ ይታይ፣ የቃል ዝርዝሩ ይነበብ፣ በመጪው ሳምንት የሚጠየቅ ሕመምተኛና ሐዘንተኛ ካለ ማን እንደሚሄድ ይወሰን። ከዚያ በላይ አጀንዳ አያስፈልግም።

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የብድር ውሎች፣ የዕቁብና የዕድር ደብተር፣ የጤና መድን መታወቂያ በአንድ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይቀመጡ፤ ያለበትንም ከባልና ከሚስት ሌላ አንድ የታመነ ሰው ይወቅ። የእያንዳንዱ ፎቶግራፍ በሁለት የተለያዩ ስልኮች ላይ ይኑር።

እነዚህ ልማዶች በሐዘን፣ በሕመም ወይም በመከር ጥድፊያ መቋረጣቸው አይቀርም። ሲቋረጡ ያለፈውን ለማሟላት አይሞክሩ፤ የሦስት ሳምንት ወጪ ከትዝታ ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው ደብተሩን ዳግም አይከፍትም። አዲስ ገጽ ይግለጡ፣ የዛሬውን ቀን ይጻፉ፣ ከዛሬው ወጪ ይቀጥሉ። በመቋረጡ ምክንያት ያልተፈጸመ ቃል ወይም ያልተከፈለ መዋጮ ካለ ግን በዚያው ቀን ለባለጉዳዩ ይደውሉ።